የቆዩ ቤቶቻችንን መልካቸው ሳይለወጥ ስለ ማሞቅ
(በትምህርት ቤቱ በዓል ላይ በተማሪ የተደረገ ንግግር)



በቆጂ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት እንዴት እንደሚያንዘፈዝፍ ለናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። እኔ ለመናገር የተነሣሁት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከብርድ ለመዳን ስንል አባቶቻችን የሠሩትን የጭቃ ቤት ማፍረስ ወይም በሲሚንቶ መለሰን ያስፈልጋልን? የሚል ጥያቄ ነው።

ሙቀቱ የሚሸሸው በየት ነው? ብዙ ሰው ግድግዳውን ይወቅሳል። ነገር ግን ከጭድ ጋር ተቦክቶ በማገር ላይ የተመረገ ወፍራም ጭቃ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ይዞ ሌሊት ቀስ እያለ ይለቃል። ጥፋቱ የጣራው ነው። የሣሩ ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ዝናቡ ቀረ፤ ሙቀቱም አብሮ ሄደ። ቆርቆሮ ስስ ብረት ስለሆነ፣ ሰማዩ በጠራ ሌሊት ሙቀቱን ወደ ላይ እየለቀቀ ከውጩ አየር እንኳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ሲነጋጋ አልጋ ላይ የሚንጠባጠበውም ውሃ የገዛ ትንፋሻችን ነው እንጂ ዝናብ አይደለም።

ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው በቅድሚያ ኮርኒስ ያሠራ። ከኮርኒሱ በላይ ደረቅ ጭድ በወፍራሙ ቢነሰነስበት፣ በጭዱ መካከል የታሰረው አየር ሙቀቱን ያግዳል፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከጢስ መውጫ ግን ይራቅ። ገንዘብ የሌለውም በጣራና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተትና የበሩን ሥር ይድፈን። በደጅ የሚያልፍ ሰው የቤቱ መልክ ተለወጠ አይልም።

ሲሚንቶን በጭቃ ላይ መለሰን እንደ ሥልጣኔ መቈጠሩ ያሳዝነኛል። ጭቃ እርጥበትን ተቀብሎ መልሶ ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን ያፍነዋል፣ ውስጡ ያለውም እንጨት ይበሰብሳል። የጎንደር አብያተ መንግሥት በኖራ የተሠሩ ነበሩ፤ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ በሲሚንቶ ተጠገኑ። ኋላ ግን ብዙው ሲሚንቶ ተነሥቶ ኖራ ተመለሰበት። በብርዳማ አገሮች የቆዩ የሸክላ ጡብ ቤቶችም ያለ ጥንቃቄ ከውስጥ በኩል ሲሸፈኑ፣ ግድግዳው የቤቱን ሙቀት ስለሚያጣ የያዘው ውሃ በረዶ ሆኖ ጡቡን ይሰነጥቀዋል።

ወላጆቻችን አንድ ነገር እንዳይዘነጉ እለምናለሁ። ክፍተቱ በተደፈነ ቤት ውስጥ ከሰል አንድዶ መተኛት ይገድላል፤ መርዙ ሽታ የለውምና። ለጢሱ መውጫ ሳይተውለት ቤቱ አይደፈን፤ የከሰሉም ምድጃ ከመኝታ በፊት ወደ ደጅ ይውጣ።