ወደ ጋፋት ስለሚደረገው ጉብኝት የቀረበ ንግግር



የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ስለታሰበው የተማሪዎች ጉብኝት አሳባችንን እንድንገልጽ ስለተፈቀደልን እናመሰግናለን። ብዙዎች ላሊበላ ይሁን ብለዋል፤ ሌሎችም ሐይቅን መርጠዋል። ኮምቦልቻ ወርደን የሚሠራ ፋብሪካ እንይ ያሉም አሉ። ሁሉም መልካም ነው። እኛ የታሪክ ክበብ አባሎች ግን የምድጃው ጭስ ከጠፋ መቶ ሃምሳ ዓመት ወዳለፈው የሥራ ስፍራ እንሂድ እንላለን። ይኸውም ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ የሚገኘው ጋፋት ነው።

«ሲሪንቃንና ደብረ ታቦርን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ደብረ ታቦርን የቆረቆሩት የየጁው መስፍን ራስ ጉግሣ ናቸው። የልጅ ልጃቸው ራስ ዐሊም ከዚያው ሆነው በጌምድርን ሲገዙ ኖረው በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ ድል ሆኑ። ካሣም በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። እንግዲህ የየጁ ልጅ ደብረ ታቦር ሲገባ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። የደብረ ታቦር ሰዎች ይህን ሰምተው ቢስቁብንም አንቀየምም።

ወደ ጋፋት እንመለስ። ከ1848 ዓ.ም. ጀምሮ በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተላኩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ይመጡ ነበር። የመጡት ወንጌልን ለማስተማር ነው፤ ነገር ግን የእጅ ሥራ የሚያውቁ ስለነበሩ ንጉሠ ነገሥቱ በጋፋት አሰፈሯቸው። ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደርና ማየር ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ሰረገላ ሠሩ፤ መንገድ ጠረጉ፤ በመጨረሻም መድፍ አፍስሱ ተባሉ። ሚሲዮናውያኑ ይህን ሥራ የተማሩ አልነበሩም። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ንጉሡ ግን እንደገና ሞክሩ አሉ። ከብዙ ድካም በኋላ ነሐሱ ቀልጦ ወደ ቅርጹ ፈሰሰ። ከሁሉም የሚበልጠው መድፍ ሰባ ኩንታል ገደማ የሚመዝነው ነው፤ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ስሙ በዓለም በተሰማው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ።

በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ዐፄ ቴዎድሮስ ከሚሲዮናውያኑ አንዱን ፍላድን ወደ እንግሊዝ አገር ልከው ባለሙያዎችና መሣሪያዎች እንዲመጡላቸው ጠየቁ። ሰዎቹና ዕቃው ምጽዋ ድረስ ደርሰው ነበር፤ ነገር ግን በንጉሡ እጅ ያሉት አውሮጳውያን እስረኞች ስላልተፈቱ ወደ ላይ ሳይወጡ ቀሩ። የእስረኞቹ ነገር ትክክል አልነበረም። ይህን ካልን በኋላ፣ በዚያ ወቅት ከጠመንጃ አስበልጦ ጠመንጃ ሠሪውን የለመነ ንጉሥ ማየት ያስደንቀናል።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሡ። የገደሉ መንገድ በድማና በባሩድ ይከፈት ነበር፤ ዳገቱን በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ ይስብ ነበር፤ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በዘቢጥና በዋድላ አልፈው፣ የጅጣን ሸለቆ ወርደው ወጥተው፣ ደላንታን አቋርጠው፣ የበሽሎን ገደል ተሻግረው መቅደላ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ሊወጋቸው የመጣው የእንግሊዝ ጦርም ጅጣ ላይ ሲደርስ የወረደው በዚሁ እርሳቸው ባስጠረጉት መንገድ ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ሞቱ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ የቆመው አምሳያው ነው።

እኛን የሚከነክነን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። መድፉን ሁሉም ያውቃል፤ የተሠራበትን ምድጃ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከባለሙያዎቹ ጋር ሆነው ሥራ እንዲማሩ የተመደቡ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ነበሩ። ታዲያ ጋፋት ለምን ከንጉሡ ጋር ሞተ? አንደኛው ምክንያት ሥራው በአንድ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን ከእኛው ቤት የሚወጣ ነው። ብረት የሚያቀልጠውን ሰው ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እያልን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ ንጉሡ ከሞቱ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ ማውጣት አስፈልጓቸዋል። ስድቡ ዛሬ በየገበያው ጠፍቷል የሚል ካለ መርሳ ገበያ አብሮን ይውረድ። ማረሻ የሚሠራልን ሰው ልጅ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር ተቀምጦ ይማራል፤ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጋፋት ላይ ቆመን ይህን ነገር ከመምህሮቻችን ጋር በግልጥ እንድንነጋገርበት እንፈልጋለን።

ጉዞው ለዓይንም የሚነፍገው የለም። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚሄደውና ሰዉ የቻይና መንገድ የሚለው ጎዳና በድልብ ዳገቱን ወጥቶ ጋሸናን፣ ደብረ ዘቢጥን፣ ጨጨሆንና ነፋስ መውጫን ያልፋል፤ ከፊሉም መድፉ የተጎተተበትን አገር ይነካል። ከደብረ ታቦር በላይ ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ አለ፤ ጅብራና አስታ የሚበቅልበት ነው። ጉማራና ርብ ከእርሱ ተነሥተው ጣና ይገባሉ። በከተማው የኢየሱስን ቤተ ክርስቲያን እንሳለማለን። ነሐሴ 13 ቀን ብንደርስ ከተማው በስሙ በዓል፣ በቡሄ፣ ችቦና ጅራፍ ይቀበለን ነበር፤ ግን ጊዜው ክረምት ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው።

ስለዚህ ጉዞው አዝመራው ከገባ በኋላ በጥር ወር፣ የመንገዱ ሰላም በሚመለከታቸው ሰዎች ሲረጋገጥ እንዲሆን እንለምናለን። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዚሁ መንገድ ላይ የሆነውን ወላጆቻችን ስለሚያውቁ ቢሰጉ አንፈርድባቸውም፤ እስኪፈቅዱልን እንጠብቃለን። የሲሪንቃን ሙቀት የለመድን ነንና እያንዳንዱ ተማሪ ጋቢ ይያዝ፤ የጉና ብርድ ቀልድ አያውቅም። ስንቅ ዳቦ ቆሎ ይበቃል። መመዝገብ የሚፈልጉ ከዚህ ስብሰባ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር ያገኙናል።