የካምቦሎጆ ትዝታችን

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን ሦስት የቀድሞ ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



የበዓሉ አዘጋጆች የሆኑት ተማሪዎች ቤታችን ድረስ መጥተው «ስለ ድሮው ጊዜ ንገሩን» ባሉን ጊዜ እኛ ሦስታችን ተያይተን ሳቅን። ስለ ትምህርታችን ብንናገር የፈተና ውጤታችንን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ የሚያሳፍረን ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ደኅና አድርገን ስለምናውቀው ነገር እንናገር ብለን ተስማማን፤ ይኸውም ስለ እግር ኳስና ስለ አሮጌው ስታዲየም ነው። ንግግሩን የጻፍነው ሦስታችን ነን፤ የሚያነበው ግን ከመካከላችን መነጽሩ የተሻለው ነው።

በእኛ ልጅነት ስታዲየሙ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራ ነበር፤ በኋላ የአዲስ አበባ ስታዲየም ተባለ። የከተማው ሰው ግን በየትኛውም ዘመን «ካምቦሎጆ» ማለቱን አልተወም። ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ወደ ለገሃር ሲወርዱ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ በጨዋታ ቀን ከየሰፈሩ የሚመጣው ሰው እንደ ወንዝ ወደዚያ ይፈስ ነበር። እኛም ከትምህርት ቤት እስከዚያ ድረስ በእግራችን እንሄድ ነበር፤ የአውቶቡሱን ሳንቲም ለመግቢያ እናስቀምጠዋለንና።

በስታዲየሙ ውስጥ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ስምና የራሱ ሕዝብ ነበረው። ክቡር ትሪቡን የትልልቅ ሰዎች ነው። ጥላ ፎቅ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው ነው። ከዚያ ወዲያ ከማን አንሼ አለ፥ ሚስማር ተራ አለ፥ ካታንጋ አለ። ከማን አንሼ የሚለው ስም እኛ እንደምንፈታው ጥላ ፎቅ ለመግባት ኪሱ ያልፈቀደለት፥ ከካታንጋ ጋር መቆጠርም ያልወደደ ሰው መቀመጫ ነው። ካታንጋ ደግሞ ወታደሮቻችን በተባበሩት መንግሥታት ሥር ከዘመቱበት ከኮንጎ ክፍለ ሀገር ጋር አንድ ስም ነው ያላት፤ ጩኸቷም በእውነት የጦር ሜዳ ነበረ። እኛ የካታንጋ ልጆች ነን። ዛሬ ከመካከላችን አንዱ ጡረታ የወጣ ዳኛ ነው፤ በካታንጋ ሳለ ግን ዳኛን እንዴት ይሳደብ እንደ ነበረ ልጆቹ ባይሰሙ ይሻላል።

ደረጃው ሲሚንቶ ስለ ሆነ ከዝናብ በኋላ ቅዝቃዜው እስከ አጥንት ይዘልቃል። ዐዋቂዎቹ ጋዜጣ አንጥፈው ይቀመጣሉ፤ እኛ የጂኦግራፊ ደብተራችንን አንጥፈን እንቀመጥ ነበር። ሎሚና ቆሎ የሚሸጡ ልጆች በሰው ጉልበት መካከል እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ። አንድ ሰው ቆሎ ገዝቶ እፍኝ ሙሉ ለማያውቀው ጎረቤቱ ሳይዘግን ብቻውን ቢበላ ነውር ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስና መቻል በሚገናኙበት ቀን ግን ይህ ልማድ ይቀራል፤ ቆሎውም ሰላምታውም ለወገን ብቻ ይሆናል። የመቻሎች አለባበስና ሥነ ሥርዓት የሚያስከብር ነበር፤ በጊዮርጊስ በኩል ግን መንግሥቱ ወርቁ ነበረ። እርሱ ኳስ ሲይዝ ካታንጋ ዝም ትላለች፤ ካታንጋን ዝም ማሰኘት የሚችል ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያየን አይመስለንም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እኛ ዛሬ ሦስት ነን፤ ያን ጊዜ ግን አራት ነበርን። አራተኛው ጓደኛችን የክፍላችን ቡድን በረኛ ስለ ነበረ ስሙን ትተን «በረኛው» እንለው ነበር። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረውም፤ በጠጠር ሜዳ ላይ በባዶ እጁና በባዶ ጉልበቱ ይወድቅ ነበር። ከእኛ ሁሉ ይልቅ ኳስን የሚወድ፥ የተጨዋቾችን ስምና የጨዋታዎችን ውጤት በቃሉ የሚያውቅ እርሱ ነበር።

የአፍሪካ ዋንጫ ሲጀመር በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የተጫወቱት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ፤ ግብፅ፥ ሱዳንና ኢትዮጵያ። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎዋ ምክንያት ሳትካፈል ቀረች። በዚያ በመጨረሻው ጨዋታ ግብፅ ኢትዮጵያን 4 ለ 0 አሸነፈች። በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሲደረግም ያው ቡድን፥ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ተብሎ፥ እንደገና 4 ለ 0 አሸነፈን። በረኛው እነዚህን ስምንት ግቦች እርሱ ራሱ የተቆጠሩበት ይመስል ያዝን ነበር። በ1954 ዓ.ም. ውድድሩ በአዲስ አበባ እንዲሆን መወሰኑን ስንሰማ «አሁን በቤታችን ይመጣሉ» እያለ ወር ሙሉ ደጋገመው።

ጥር 6 ቀን ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸነፈች። በሌላው ወገን ግብፆች ኡጋንዳን 2 ለ 1 አሸንፈው አለፉ። የመጨረሻው ጨዋታ እሑድ ጥር 13 ቀን ሆነ። ጥምቀት በ11 አልፎ፥ በ12 ታቦተ ሚካኤልን ሸኝተን፥ ድምፃችን በእልልታ ተዘግቶ ነበር ወደ ስታዲየም የወረድነው።

ለዚያን ቀን ሳንቲም ስናጠራቅም ከርመን ነበር። በሩ ላይ ደርሰን ብንቆጥረው ግን ለሦስት እንጂ ለአራት አልበቃም። በበዓሉ ቀን ከመካከላችን አንዱ ሸንኮራና ብርቱካን ገዝቶ አብልቶናል፤ ጉድለቱ ያ ነበር፤ የበላነውም አራታችንም ነን። ዕጣ ጣልን። ዕጣው የጎደለው በበረኛው ላይ ወጣ። እርሱም ምንም ሳይል «በዕረፍት ጊዜ ከእናንተ አንዱ ይውጣና በእርሱ ቲኬት እኔ እገባለሁ፤ እኩል እኩል እናያለን» አለን። እኛም በየተራ «በእናቴ» ብለን ማልን።

ተማሪዎች ሆይ፥ ጨዋታውን ከአባቶቻችሁ ሰምታችሁት ይሆናል። በ35ኛው ደቂቃ የግብፁ በደዊ አገባብን። ዕረፍት እስኪሆን ድረስ 1 ለ 0 እየተመራን ነበር። ፊሽካው ሲነፋ ሦስታችንም ተቀምጠን ቀረን። አንዱ የጫማውን ክር ያስር ጀመር። ሁለተኛው «ቆይ ሰው ይቅለል» አለ። ሦስተኛው ምንም አላለም፤ ወደ ሜዳው ብቻ ይመለከት ነበር። ሰውም ቀለለ፥ ዕረፍቱም አለቀ፥ ማንም አልተነሣም። ስለ መሐላው አንድም ቃል ሳንነጋገር ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ።

በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባና አንድ ለአንድ ሆነ። ግቧ እንዴት እንደ ገባች እስከ ዛሬ ሦስታችን አልተስማማንም፤ በእያንዳንዳችን ዐይን በሌላ መንገድ ነው የገባችው። ሰው ገና ሲተቃቀፍ፥ አንድ ደቂቃ እንኳ ደኅና ሳይሞላ፥ በደዊ ዳግመኛ አገባ። በዚያች ቅጽበት የወደቀውን ዝምታ የምንመስልበት ነገር የለንም። በ84ኛው ደቂቃ የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ሁለት ለሁለት አደረገው። ከዚያ ጭማሪ ሰዓት ሆነ፤ ሠላሳ ደቂቃ። በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ ሦስተኛውን አገባ። በ117ኛው ደቂቃ የእኛው መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመረ። 4 ለ 2! ከካታንጋ ሆነን ንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫውን ለሉቺያኖ ሲሰጡ ያየነው በሰው ትከሻ መካከል እንደ ብልጭታ ነው። የማናውቃቸው ሽማግሌ ሰው አንገታችንን አቅፈው ያለቅሱ ነበር። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ በኋላ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ለእኛ ግን ምንጊዜም የዚያች ማታ ሰው ናቸው።

ከበሩ ስንወጣ በረኛው ከአጥሩ ሥር ቆሞ አገኘነው። አልተቆጣም። «አራት ለሁለት አይደለም? ሁሉንም ቆጥሬያለሁ፤ የእኛ ሲገባ ጩኸት ነው፥ የእነርሱ ሲገባ ዝምታ ነው» አለን። ከዚያም እያንዳንዱን ግብ እንድንተርክለት ለመነን። ስለ ዕረፍቱ ግን አልጠየቀንም። እኛ ነን ሳንጠየቅ የተናገርነው፤ «ዘበኛው ከገባችሁ መውጣት የለም ብሎ ከለከለን» አልነው። እርሱም «እሺ» አለ። እስከ ሰፈራችን ድረስ እየዘፈንን ሄድን፤ ከሁላችን አስበልጦ የዘፈነው እርሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ እንለፈው። በ1960 ዓ.ም. ዋንጫው እንደገና በአገራችን ሲደረግ ሁላችንም ደመወዝተኞች ነበርን። የበረኛውን ቲኬት እኛ እንግዛ ብለን ብንለምነው «ምን ዕዳ አለባችሁ?» ብሎ ሳቀና ራሱ ከፈለ። በዚያ ጊዜ በግማሽ ፍጻሜው ኮንጎ ኪንሻሳ በጭማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፈን፤ ዋንጫውንም ይዛው ሄደች። በ1968 ዓ.ም. ሞሮኮ ስታሸንፍ እርሱ መምህር ሆኖ ወደ ጅማ ተዛውሮ ነበር። በ1980 ዓ.ም. የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ በዚሁ ስታዲየም ሲደረግና ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት ስናሸንፍም እኛ ካታንጋ ነበርን፤ እርሱ ግን በጅማ ከሬዲዮው ሥር ተቀምጦ የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ይሰማ ነበር። ደብዳቤ ጻፈልን፤ «አሁንም ከውጭ ሆኜ ቆጠርኩ» ይላል። ደብዳቤውን አንብበን ለረጅም ጊዜ ዝም አልን። እውነቱን እንጻፍለት ብለን ወረቀት ያወጣንበት ጊዜም ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ሰዎች አንድ ደብዳቤ መጻፍ ችግር ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው እንዲጀምር ይጠብቃል።

ኢትዮጵያ ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳታልፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ያህል ቆየች። በአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሚመራው ቡድን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ መጣ፤ እሑድ ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመልሱ ጨዋታ ሆነ። በረኛው ለዚህ ጨዋታ ከጅማ መጣ። ልጆቻችን ከሌሊት ጀምረው ተሰልፈው ቲኬት ገዙልን፤ አራት ቲኬት። ፀጉራችን ነጭ፥ ጉልበታችን ደካማ ሆኖ አራታችን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ያ የመጀመሪያ ጊዜ አልነበረም፤ ነገር ግን በዕረፍቱ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ፥ ያ የጫማውን ክር ሲያስር የነበረው፥ ድንገት ተናገረ። «በ54 ዘበኛው አልከለከለንም። እኛ ነን ያልወጣነው» አለው።

በረኛው ቆሎውን እያኘከ ጥቂት ቆየ። «ዐውቃለሁ። ዕረፍቱ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ሎሚ ሊገዙ የወጡ ሰዎች ተመልሰው ሲገቡ ዐይቻለሁ» አለ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልኸን?»

«እናንተስ?» አለና ወደ ሜዳው አመለከተ፤ «ተዉ እስቲ አሁን፥ ሊጀምሩ ነው።»

ይህ ነው የተባባልነው። አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አገቡ፤ 2 ለ 0 አሸንፈን አለፍን፤ በረኛው ባርኔጣውን ወደ ሰማይ ወርውሮ አጣው። ወጥተን ስንሄድ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀን፤ «ያቺን የግርማ ተክሌን ግብ ግን እስቲ እውነቱን ንገሩኝ፥ እንዴት ገባች?» አለ። ሦስታችንም በአንድ ጊዜ መናገር ጀመርንና እስከ ለገሃር ድረስ ተከራከርን። ያየሃት አንተ ብትሆን ኖሮ አንድ ታሪክ ይኖረን ነበር አልነው። ያን ጊዜ ግን አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ያሉት ሜዳዎች የአፍሪካን ኮንፌዴሬሽን መመዘኛ ባለማሟላታቸው ብሔራዊ ቡድናችን የራሱን የሜዳ ጨዋታ በሰው አገር ለመጫወት ተገደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን «በሜዳው» ያስተናገደው በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው 2 ለ 0 አሸነፍን። እኛ በቴሌቪዥን እያየን ስንጮህ ስልኩ ጮኸ፤ ከጅማ ነበር። ሰላምታ እንኳ ሳይሰጠን «ዛሬስ አራታችንም ከበር ውጭ ነን!» ብሎ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ።

በሚቀጥለው ዓመት ዐረፈ። ለቀብሩ ጅማ ሄደን ነበር።

አዘጋጆቹ በዚህ የበዓል መጽሔት ውስጥ የክፍላችን ቡድን ፎቶግራፍ እንደሚታተም ነግረውናል። ሥዕሉ ደብዝዟል፤ የተጨዋቾቹም ስም ከሥሩ አልተጻፈም። ከኋላው ረድፍ በግራ በኩል ጫፍ ላይ፥ ጉልበቱ በጨርቅ ታስሮ፥ ኳሷን ታቅፎ የቆመው እርሱ ነው። እኛ ሦስታችን ከፊት የተንበረከክነው ነን።