ከጉና ግርጌ የተነሣች ቮልስ

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባች ጀምሮ መኪና ለሀገራችን ሰው በቀላሉ የሚጣል ንብረት ሆኖ አያውቅም፤ ይልቁንም በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ አገልግለው ከውጭ በሚገቡ መኪኖች ላይ ከ400 በመቶ የሚልቅ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ በየግቢው ሸራ ለብሳ የኖረች አሮጌ ቮልስ ክብሯ ተመልሶላታል።

በእስቴ መካነ ኢየሱስ እንዲህ ያለችው መኪና ሞተሯ በግቢ ውስጥ ወርዶ፣ ፒስተኑና ፋሻው ተለውጦ ዳግመኛ ስትነሣ፣ ባለቤቷ ደስታውን ገትቶ አስቀድሞ ፍሬኗን ይመርምር፤ ሞተር ቢጠፋ ጎረቤት ይገፋል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢከዳ ግን ገፊም አያሻም። ቀጥሎ ካንዴላውን ፈትቶ ይመልከት፤ ጥቁር ጥቀርሻ ለብሶ ቢያገኘው፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚነሣው ከጉና ተራራ ግርጌ አየሩ ስስ በመሆኑ፣ ለቆላ የተመጠነው ካርቡራተር ቤንዚኑን አብዝቶ ሊሆን ይችላልና ያስመጥነው። ውኃ የማይሻው የቮልስ ሞተር በነፋስ የሚበርድ ስለ ሆነ፣ ይኸው ስስ አየር ለማቀዝቀዝም ያንሰዋል፤ ስለዚህ አዲሱ ፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር እስኪስማማ ድረስ፣ እንደ ሱባኤ ያለ ትዕግሥት ይዞ ጭነት ሳያበዛ፣ ዳገቱንም በዝቅተኛ ማርሽ እየወጣ መኪናዋን ይንዳት። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ይደፋ፤ በጣት ቢነኩት የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ይገኝበታልና። ዘይት ተወደደ የሚለውን ሰበብ እኔ አልቀበልም፤ ሞተር ዳግመኛ ማውረድ ይብሳል።