መካኒክስ ጋራዥ ብቻ አይደለም

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ኢንጂነሪንግ የተማሩ አባላት በጋራ ያቀረቡት ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ትምህርታችሁ ንገሩን፤ ለልጆቻችንም መንገዱን አሳዩ» ብለው ሲጠይቁን በደስታ ተቀበልን። ዘንድሮ 12ኛ ክፍል የሚፈተኑ ልጆች ያሏችሁ እናቶች ብዙ ናችሁ። ውጤት ሲመጣ በየቤቱ «ጤና ይሻላል ወይስ ኢንጂነሪንግ?» የሚል ክርክር ይነሣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምንከራከረው ትምህርቱ ምን እንደሆነ ሳናውቅ ነው። እኛም ስንገባ አናውቅም ነበር። ስለዚህ ዛሬ የኢንጂነሪንጉ ሁሉ መሠረት ስለሆነው ስለ መካኒክስ እንነግራችኋለን።

መካኒክስ ሲባል ብዙዎቻችሁ ጋራዥ ትዝ ይላችኋል። ከእናቶቻችን አንዷ «አምስት ዓመት ተምረሽ መኪና ሥር ልትተኚ ነው?» ብላን ነበር። የመኪና ጥገና የተከበረ ሙያ ነው፤ ይህ ትምህርት ግን ከዚያ ይሰፋል። መካኒክስ ማለት አንድ ነገር ሲገፋ፣ ሲጎተት፣ ሲጫን ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው። ይቆማል? ይንቀሳቀሳል? ይጎብጣል? ይሰበራል? እነዚህን አራት ጥያቄዎች በቁጥር መመለስ ነው።

እናቶቻችን፣ እናንተ ይህን በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። ምጣድ የሚጣደው በሦስት ጉልቻ ነው። መሬቱ ወጣ ገባ ቢሆን እንኳ በሦስት ጉልቻ ላይ የተጣደ ምጣድ አይንገዳገድም፤ አራት እግር ያለው ጠረጴዛ ግን ወለሉ ትንሽ ከተዛባ ከአንዱ እግሩ ሥር ወረቀት አጣጥፋችሁ ታስገባላችሁ። ሦስቱ እግሮች ሁልጊዜ መሬት ይነካሉ፤ አራተኛው ሲጨመር ግን አንዱ ሊንጠለጠል ይችላል። 20 ሊትር ውኃ የያዘ ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል ይመዝናል። በአንድ እጅ ስትይዙት ወገባችሁ ወደ ሌላው ጎን ይጎብጣል፤ በሁለት ጀሪካን 10፣ 10 ሊትር አድርጋችሁ ብትይዙት ግን ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ክብደቱ ያው ነው፤ የተለየው ሸክሙ ከወገባችሁ ያለው ርቀትና ሚዛኑ ነው። ኮሌጅ ስንገባ የመጀመሪያዎቹን ወራት የተማርነው ይህንኑ ነው፤ እዚያ «ሞመንት» ይሉታል።

ትምህርቱ በተራ ይሄዳል። በመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ፣ ፊዚክስና ሌሎች የጋራ ትምህርቶች አሉ። ቀጥሎ ስታቲክስ ይመጣል፤ የቆመ ነገር ለምን እንደቆመ የሚያስተምር ነው። ከዚያ ስለሚንቀሳቀስ ነገር የሚያስተምረው ዳይናሚክስ አለ። ቀጥሎ ብረቱ፣ እንጨቱ፣ ኮንክሪቱ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል የሚለካው የቁሳቁስ ጥንካሬ ትምህርት ይመጣል። በመጨረሻም የውኃና የአየር ግፊትን የምናይበት የፈሳሽ መካኒክስ አለ።

አንድ ምሳሌ እንስጣችሁ። ወርዱ 20፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጣውላ ቦይ ላይ አጋድማችሁ ብትረማመዱበት ይረግባል። ያንኑ ጣውላ በጠርዙ ብታቆሙትና እንዳይወድቅ ብትደግፉት አራት እጥፍ ሸክም ይችላል፤ የመርገቡም መጠን ወደ 16ኛ እጅ ይወርዳል። የጣሪያ ማገር በጠርዙ የሚቆመው ለዚህ ነው። አናጢው በልምድ ያውቀዋል፤ መሐንዲሷ ግን ጣውላውን ሳትገዛ አስልታ ትነግራችኋለች።

የዚህ ትምህርት ነገር የሕይወት ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ኮንክሪት ሲጨመቅ ብርቱ ነው፤ ሲጎተት ግን ይሰነጠቃል። የሚጎተተውን ክፍል የሚይዝለት ፌሮ ነው። በሁለት ዓምድ መካከል በተዘረጋ ቢም ላይ መሐሉ ወደ ታች ስለሚረግብ ዋናው ፌሮ መሐሉ ላይ ከሥር መሆን አለበት። ከግድግዳ ወጥቶ በተንጠለጠለ በረንዳ ግን ነገሩ ተገልብጦ ፌሮው ከላይ ይሆናል። ብረቱ በብዛት ገብቶ ቦታውን ከሳተ ገንዘቡ ወጥቷል፤ በረንዳው ግን አደጋ ነው። በየግቢያችን የምንሰቅለውን ሮቶም አስቡት። 2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። አራት እግር ባለው ማማ ላይ ሲቀመጥ በእያንዳንዱ እግር ላይ 5 ኩንታል ያህል ያርፋል። «ብየዳው ጠንካራ ነው» ብሎ መገመትና ማስላት አንድ አይደሉም፤ ከሥሩ ልጆች ይጫወታሉና።

ትልቁንም ሥራ የያዘው ይኸው እውቀት ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ዋናው ግንብ እጅግ ረጅም ነው። ውኃ በጠለቀ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ 10 ሜትር ጥልቀት ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል፣ 100 ሜትር ላይ 100 ቶን ያህል ይገፋል። ግድቡ ይህን የሚቋቋመው በገዛ ክብደቱ ነው፤ ከላይ ቀጥኖ ከታች የሰፋውም ለዚህ ነው።

በዚህ ትምህርት ላይ የሴት እጅ ከጥንትም አለበት። ሶፊ ዠርማን የምትባል ፈረንሳዊት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1794 ፓሪስ ውስጥ የኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት ሲከፈት ሴት አይቀበልም ነበር። እሷ የትምህርቱን ማስታወሻ እያስመጣች፣ ሥራዋን በወንድ ስም እየጻፈች ለመምህራኑ ትልክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1816 የቀጭን ሰሌዳ ንዝረትን በሒሳብ በማጥናቷ ከፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት አገኘች። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1889 ኤፍል ታወር ተሠርቶ የ72 ሊቃውንት ስም ሲጻፍበት የእሷ ስም አልነበረበትም። የእኛ ልጆች ዛሬ በገዛ ስማቸው ተመዝግበው ይማራሉ፤ ይህን ቀላል ነገር አድርገን አንየው።

ታዲያ ተምረው የት ይሠራሉ? ሲቪል ያጠናች ሕንፃ፣ መንገድና ድልድይ ትሠራለች። የውኃ ምሕንድስና ያጠናች የመጠጥ ውኃ መስመር፣ ፓምፕና መስኖ ላይ ትሰማራለች። መካኒካል ያጠናች በፋብሪካ ማሽን ጥገና፣ በኃይል ማመንጫ፣ በባቡር፣ በአውሮፕላን ጥገና ትቀጠራለች። በሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ የሚጠግኑ፣ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የሚያስተምሩም አሉ። የራሷን የብረታ ብረት ወርክሾፕ ከፍታ የሊጥ ማቡኪያ፣ ምድጃና የእህል መፈልፈያ የምትሠራም ትኖራለች። ይህኛው ለማኅበራችን በጣም የቀረበ ነው፤ ከእኛ መካከል እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች ገዢዎቿ ናቸውና።

የሚያስቸግረውንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። ዲግሪ ብቻውን ሥራ አይሆንም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይፈተናል፤ ከዚያም በኋላ ሥራ ፍለጋው ወራት፣ ለአንዳንዱም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በሳይት ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ለተግባር ልምምድ በሄድንበት አንድ ሳይት የሴቶች መጸዳጃ ቤት ስላልነበረ ውኃ ሳንጠጣ እንውል ነበር። ጥያቄ የጠየቅነው እኛ ሆነን መልሱ አጠገባችን ለቆመው ወንድ ጓደኛችን ይሰጥ ነበር። ስሌታችን ትክክል መሆኑ ሲታይ ግን ፎርማኑ ራሱ ስዕሉን ይዞ ወደ እኛ መምጣት ጀመረ።

ከሁሉ የከፋው ግን ልጆቻችን የሚቀሩበት ቦታ ነው። ብዙዎቹ የሚደናገጡት ስታቲክስ ሲጀመር ነው። 12ኛ ክፍል ፎርሙላ በቃል ይዞ ማለፍ ይቻል ነበር፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ስዕሉን መሳል፣ በአካሉ ላይ የሚያርፈውን ኃይል ሁሉ አንድ በአንድ ማስቀመጥ ግድ ነው። ስዕሉ ከተሳሳተ ሒሳቡ ምንም ቢያምር መልሱ ስሕተት ነው። ይህን የለመደች ትሻገራለች፤ የሚያሳያት ያጣች «አልችልም» ብላ ትመለሳለች። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የአእምሮ አይደለም፤ የልምምድና አብሮ የሚቀመጥ ሰው ማጣት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የማኅበሩ አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት ይፈቀድልን። 11ኛና 12ኛ ክፍል ያሉትን ፊዚክስና ሒሳብ፣ ኮሌጅ የገቡትን ስታቲክስ በነፃ እናስጠናለን። ሁለተኛ፣ ለጋሾቻችን የምትሰጡት እርዳታ ለምዝገባ ጊዜ ብቻ እንዳይሆን እንለምናለን። ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ የልምምድ ወራት የትራንስፖርት ወጪ፣ የሳይት ጫማ፣ ከምረቃ እስከ ሥራ ያሉት ባዶ ወራት፤ ልጅ የምትሰናከለው እነዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው ጥያቄ ለእናቶቻችን ነው። ልጃችሁ «ክፍለ ሀገር ሳይት ደርሶኛል» ስትላችሁ ወዲያው «አይሆንም» አትበሉ። የት እንደምታድር፣ ከማን ጋር እንደምትሠራ፣ በምን እንደምትመላለስ ጠይቁ፤ ከቻላችሁም ሄዳችሁ እዩ። ጥንቃቄውን አጥብቁ እንጂ መንገዱን አትዝጉ። ያለ ሳይት ልምድ መሐንዲስ መሆን የለምና።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኛን ያስተማረን የአንድ ሰው ገንዘብ አይደለም፤ በየወሩ ከየመቀነታችሁ የተፈታው መዋጮ ነው። አሁን ተራው የእኛ ነው። ከፊታችን ካለው ቅዳሜ ጀምሮ ዝግጁ ነን፤ ልጆቻችሁን ደብተርና እርሳስ አስይዛችሁ ላኩልን።