ለሥራ የሚሆን ላፕቶፕ፦ ከስሙ በፊት ትውልዱ



ከዓመታት በፊት «ኮር አይ 7» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቼ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ። ፕሮሰሰሩ ግን 4ኛ ትውልድ፣ ገበያው «ጄኔሬሽን» የሚለው፣ ነበር። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በጥቅሉ 8ኛ ትውልድንና ከዚያ በላይ ይጠይቃል፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የደኅንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ማሽን ላይ የደንበኛን ሒሳብ ማኖር አደራን ማጓደል ነው።

4 ጊጋባይት ራም ዝቅተኛው መስፈርት እንጂ ለሥራ የሚበቃ አይደለም፤ ኤክሴልን፣ የሒሳብ ሶፍትዌርንና ብሮውዘርን በአንድነት ለሚከፍት 8 መነሻ፣ 16 ምቹ ነው። ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ራም ኋላ እንደማይቀየር አስቡ። ማከማቻውም ኤስኤስዲ ይሁን።

እኔ በዋጋው ተከራከርሁ እንጂ ሥራዬ ምን እንደሚሻ አልጠየቅሁም። እናንተ አስቀድማችሁ ሥራችሁን ዘርዝሩ፤ ከዚያ ገበያ ውጡ።