የአባይን ልጅ ውሃ እንዳይጠማው፦ የአውሮራ ምርምርና የእኛ ደም

 

በዚህ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው የአገራችንን ፖለቲካ ነው። ዛሬ ግን ስለ ሳይንስ ምርምር፣ በተለይም ስለ ሕክምና ምርምር ላነሳላችሁ ፈልጌያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት የፖለቲካ ሳይንስ ነው። ይሁን እንጂ የፖለቲካ ሳይንስ ደጋግሞ የሚያስጠይቀን አንድ ጥያቄ አለ። ማን ተቆጠረ? ማንስ ሳይቆጠር ቀረ? ይህ ጥያቄ ለምርጫና ለሕዝብ ቆጠራ ብቻ ሳይሆን ለምንውጠው ኪኒንም ይሠራል።

በዴንቨርና በአውሮራ የምትኖሩ ወገኖቻችን ቦታውን በሚገባ ታውቁታላችሁ። በኮልፋክስ ጎዳና ወደ ምሥራቅ ስትነዱ፣ ፒዮሪያን እንዳለፋችሁ በስተግራ የሚታየው ትልቅ ግቢ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የአንሹትዝ የሕክምና ካምፓስ ነው። ቀድሞ ፊትዝሲመንስ የሚባል የጦር ሠራዊት ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የልብ ሕመም ሲያጋጥማቸው ለሳምንታት ተኝተው የታከሙት እዚያ ነው። ዛሬ በግቢው ውስጥ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል፣ የሕፃናት ሆስፒታልና በርካታ ቤተ ሙከራዎች አሉ። ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ይሠራሉ፤ ብዙዎቻችን እዚያ እንታከማለን፤ ልጆቻችንም እዚያ ይወለዳሉ።

የዚህ አካባቢ የምርምር ታሪክ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የሕክምና ትምህርት ቤቱ ገና ዴንቨር ውስጥ በነበረበት ዘመን፣ ዶክተር ቶማስ ስታርዝል በዓለም የመጀመሪያውን የጉበት ንቅለ ተከላ እ.ኤ.አ. በ1963 ሞከሩ። የመጀመሪያው ታካሚ ሕፃን ሕይወቱ አለፈ። ሐኪሙ ግን ሥራቸውን አላቆሙም፤ በ1967 ከንቅለ ተከላ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ የኖረች ታካሚ ለማየት በቁ። በዚያው ትምህርት ቤት ዶክተር ቴዎዶር ፐክ በ1955 አንዲት ነጠላ የሰው ህዋስ ለብቻዋ አሳድገው ማባዛት ቻሉ። ከዚያም ከቻይና ሃምስተር፣ ማለትም አይጥ መሰል ከሆነች ትንሽ እንስሳ፣ ያወጡት ህዋስ ዛሬ በዓለም ላይ ለካንሰርና ለሌሎች በሽታዎች የሚውሉ እጅግ ብዙ መድኃኒቶች የሚመረቱበት ሆኗል። በ1960 ደግሞ የክሮሞዞም ተመራማሪዎች ዴንቨር ላይ ተሰብስበው፣ የሰውን ክሮሞዞሞች በቁጥር የመሰየሙን ሥርዓት ተስማሙበት። ወደ ቦልደር ብትሄዱ ደግሞ በ1989 በኬሚስትሪ፣ በ2001 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያስገኙ ምርምሮች የተካሄዱበት ከተማ ነው።

እንግዲህ የምንኖረው ከምንጩ አጠገብ ነው። ጥያቄዬም ከዚህ ይነሳል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ ከምርምሩ ደጃፍ ላይ ተቀምጠን የእኛ አካል በምርምሩ ውስጥ አለ ወይ?

በዓለም ዙሪያ ዘረመልን ከበሽታ ጋር ለማገናኘት በተካሄዱ ጥናቶች የተሳተፉ ሰዎች ሲቆጠሩ፣ እስከ 2018 ድረስ 78 በመቶ ያህሉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ናቸው። የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው 2 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። መድኃኒት የሚፈተነው፣ መጠኑም የሚወሰነው በአመዛኙ በሌላው ሰው አካል ላይ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ምን ይጎዳናል? ሰው ሁሉ አንድ አይደለም ወይ? ትሉኝ ይሆናል። በአንድ ምሳሌ ላስረዳ።

ኮዴይን የሚባል መድኃኒት አለ። በአንዳንድ የሳል ሽሮፖችና የሕመም ማስታገሻዎች ውስጥ ይገኛል። ኮዴይን በራሱ ደካማ ነው። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበታችን ውስጥ ያለ አንድ ኢንዛይም ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። የዚህ ኢንዛይም ስም «ሲፕ ቱ ዲ ሲክስ» ይባላል፤ ሐኪማችሁን ለመጠየቅ ስለሚጠቅማችሁ ስሙን ያዙት። አብዛኛው ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ዘረመል ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ አለው። አንዳንዱ ሰው ግን ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ይዞ ይወለዳል። ቅጂው ሲበዛ ኢንዛይሙም ይበዛል፤ ኮዴይኑም በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለወጣል። ለሌላው ሰው ልክ የሆነው መጠን ለዚህ ሰው ከልክ በላይ ይሆናል፤ አተነፋፈስን እስከማዳከም ሊደርስ ይችላል። በተለይ ለሕፃን ልጅ አደጋው ከባድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዛሬ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ፕሮፌሰር የሆኑት ትውልደ ኢትዮጵያዊት እሌኒ አክሊሉ፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር በኢትዮጵያውያን ላይ ያካሄዱትን ጥናት አሳተሙ። ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል 29 በመቶ ያህሉ ይህን ትርፍ ቅጂ ተሸክመው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ቁጥር ከመቶ 1 ወይም 2 ብቻ ነው።

ልብ በሉ፤ ጥናቱ ከወጣ ከ17 ዓመት በኋላ፣ በ2013 ነው የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ቶንሲላቸው በቀዶ ጥገና ለወጣ ሕፃናት ኮዴይን እንዳይሰጥ ከባድ ማስጠንቀቂያ ያወጣው። በ2017 ደግሞ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ አገደ፤ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዱት አስጠነቀቀ። በመካከሉ በ2015 የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ የሕዝቡን የዘረመል ሁኔታ በምክንያትነት ይዞ በኮዴይን ላይ ገደብ ጥሏል። አገራችን በራሷ ሰዎች ላይ የተደረገ ምርምርን ይዛ የራሷን ውሳኔ መወሰኗ ሊመሰገን የሚገባው ነው። በመረጃ ማስተዳደር ማለት እንዲህ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ወደ አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣችን ውስጥ መድኃኒት የማይዝ ማን አለ? ተራው ታይለኖል ኮዴይን የለበትም። ሐኪም የሚያዝዘው «ታይለኖል ቁጥር 3» የሚባለው ግን አለበት። ከቀዶ ጥገና የተረፈውን ኪኒን ለእናት፣ የተረፈውን የሳል ሽሮፕ ለእህት ልጅ መላክ ደግነት ይመስላል። አሜሪካ ውስጥ ለልጅ የተከለከለ መድኃኒት በእኛው እጅ ጎንደር ወይም ደሴ ላለ ልጅ እንዳይደርስ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ደግሞም አደራ፣ ይህን ሰምታችሁ የታዘዘላችሁን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ቁጥሩ ስለ ብዙ ሰው እንጂ ስለ እናንተ ስለ አንዳችሁ አይናገርም። ሐኪማችሁን ወይም ፋርማሲስታችሁን ጠይቁ።

አንድ ሌላ ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ሆስፒታል ስንገባ በምንሞላው ቅጽ ላይ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚል ሳጥን እናገኛለን። ወንድሞቻችን ከሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ጋር መቆጠራችን አያሳፍረንም፤ ለመብታቸው የከፈሉት መሥዋዕትነት ለእኛም በር ከፍቷል። ነገር ግን የብዙዎቹ አያቶች ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጡ ናቸው። የጉበት ኢንዛይም በቆዳ ቀለም አይከፋፈልም። በሳጥኑ ብቻ የሚመራ ሐኪም የእኛን 29 በመቶ ሊያየው አይችልም።

ከፍታን እንኳ እንመልከት። ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ናት፤ የኮሎራዶ ተመራማሪዎችም ከፍታ በሰው አካል ላይ የሚያደርሰውን ለብዙ አሥርት ዓመታት አጥንተዋል። በ2002 ደግሞ ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በሰሜን ተራሮች አምባራስ ላይ፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ወገኖቻችንን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች የደማቸው ሄሞግሎቢን ይጨምራል፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ ይላል። የአምባራስ ሰዎች ግን ሁለቱም አልታየባቸውም፤ ደማቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ደም ብዙም አይለይም ነበር። ሳይንስ ሁለት መንገድ ብቻ አለ ብሎ ሲያስብ፣ ሰሜን ላይ ሦስተኛ አገኘ። የሰሜን ገበሬ ባይጠየቅ ኖሮ ይህ አይታወቅም ነበር።

አንዳንዶቻችሁ «ደማችንን ወስደው ሊነግዱበት ነው» ትላላችሁ። ይህ ስጋት ከባዶ ሜዳ የመጣ አይደለም። በአላባማ ግዛት ቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች ቂጥኝ እንዳለባቸው ሳይነገራቸው፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ ሳይታከሙ ተጠንተዋል። ቅድም ያነሳኋቸው ዶክተር ፐክ ዴንቨር ላይ ያባዟት ህዋስም ቢሆን በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪየታ ላክስ ከተባሉ ጥቁር እናት፣ ሳይጠየቁ የተወሰደች ናት። እኛም በጤፋችን የደረሰውን አንረሳም፤ በኔዘርላንድ የተመዘገበውን የባለቤትነት መብት የዚያው አገር ፍርድ ቤት ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ እስከ 2018 ተጠብቋል።

ነገር ግን መፍትሔው መሸሽ ነው ብዬ አላምንም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። መፍትሔው መብትን አውቆ መግባት ነው። ከቱስኪጊ በኋላ በ1974 በወጣው ሕግ መሠረት፣ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ያላጸደቀው ጥናት በመንግሥት ገንዘብ በሰው ላይ አይካሄድም። ተሳታፊ ሳይፈቅድ አይመዘገብም፤ ከተመዘገበ በኋላም ምክንያት ሳይሰጥ መውጣት ይችላል። በ2008 የወጣው ሕግ ደግሞ የጤና መድን ድርጅትና አሠሪ በዘረመል ውጤት ሰውን እንዳያበላልጡ ይከለክላል። የሕይወት መድንን ግን አይሸፍንም፤ ይህንንም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረትም ከፌደራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለበት። ስለዚህ የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ብላችሁ ጠይቁ።

በምርምር እንድትሳተፉ ስትጠየቁ ከመፈረማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ። ደሜ ወይም መረጃዬ የት ይቀመጣል? ማን ያየዋል? ለጤናዬ የሚጠቅም ነገር ከተገኘ ይነገረኛል ወይ? ብተወውስ ናሙናዬ ምን ይሆናል? መልሱ ካላረካችሁ አትፈርሙ። ካረካችሁ ግን በእንቢታ ብቻ አትለፉት።

ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአውሮራና በዴንቨር ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች፣ መስጊዶች፣ እድሮችና የኮሙኒቲ ማኅበራት ለዓመት በዓል አዳራሽ እንደሚከራዩት ሁሉ፣ በዓመት አንድ ቀን ተመራማሪዎችን ጠርተው በቋንቋቸው መጠየቅ ይችላሉ። በፖለቲካ ተለያይተን የማንቀመጥ ሰዎች እንኳ በዚህ ጉዳይ አብረን ልንቀመጥ እንችላለን። ጉበታችን የፓርቲ አባል አይደለምና።

በመጨረሻም ጠያቂ ብቻ ሆነን እንዳንቀር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ካጠቡበት ወራጅ ውሃ በታች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ያንን ተራ የሚመስል ነገር ወደ ምርምር ለወጡት። የውጭ ተቋማት ግኝታቸውን እንዲቀበሉ ለረጅም ዓመታት ታገሉ፤ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። የእንዶድን ነገር ያወቀው የአገሩ ልጅ ነው፤ የኮዴይኑንም ጥያቄ ያነሱት የእኛው ልጅ ናቸው። ኮሎራዶ ውስጥ ትምህርቱን እየተከታተለ ያለ ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ «ሐኪም ሁን» ከማለት ጎን ለጎን «ተመራማሪ ሁን» በሉት። የእኛን አካል የሚመለከት ጥያቄ እኛ ካላነሳን ሌላው እስኪያነሳልን ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አይተናል።