ልጃችን ወደ ወበቅ አገር ስትሄድ

(በኮልፌ ቀራኒዮ በተደረገው ወርኃዊ ስብሰባችን ላይ በብድር ኮሚቴውና በጤና ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)



ካለፈው ስብሰባ ያደረ ጉዳይ አለብን። የአንዲት አባላችን ልጅ የመጀመሪያ ማራቶኗን ልትሮጥ ወደ ውጭ ልትሄድ ነው። ከተማዋ በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች፣ ወበቅ የማይለያት ናት። ለጫማ፣ ለሕክምና ምርመራና ለመንገድ ወጪ የሚሆን ብድር ከቁጠባችን ተጠይቋል። ብድሩ ይሰጣት በሚለው ላይ ማንም አልተቃወመም። የተከራከርነው በአከፋፈሉ ነው። «ሮጣ ስትመለስ ከሽልማቷ ትክፈል» ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ሁለቱ ኮሚቴዎች አንድ ላይ ተቀምጠን ስንነጋገር ይህች አንድ ዓረፍተ ነገር አሳሰበችን። ለምን እንዳሳሰበችን ቡናው እስኪፈላ እንንገራችሁ።

መስከረም 16 ቀን 2012 ዓ.ም.ን አስታውሱ። የደመራ ዕለት ነበር። እኛ እዚህ ደመራችንን ለኩሰን፣ ልጆቹን አስተኝተን፣ አንዳንዶቻችን ቴሌቪዥን ከፍተን ተቀመጥን። የዶሃ ሰዓት ከእኛው ጋር አንድ ነውና እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተጀመረ። ሌሊት የተደረገው ፀሐዩን ለመሸሽ ነው። ፀሐዩን ሸሹት፤ ወበቁ ግን እዚያው ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። በዚያ ሰዓት ሙቀቱ 32 ዲግሪ ገደማ፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። 68 ሴቶች ተነሥተው የጨረሱት 40 ብቻ ናቸው። የእኛዎቹ ሩቲ አጋ፣ ሮዛ ደረጄና ሹሬ ደምሴ ሦስቱም አቋርጠው ወጡ።

በማግሥቱ፣ በመስቀል ቀን፣ በየቤቱ የተባለውን ሁላችንም ሰምተናል። «ሦስት ልከን አንዲት እንኳ ሳትጨርስ!» ተባለ። እስቲ እነማን እንደነበሩ እንይ። ሩቲ ሰባት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፈች ልጅ ናት። ሮዛ በ2010 ዓ.ም. የዱባይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አሸንፋለች። ሰነፍ ወይም ያልተዘጋጀች አልነበረችባቸውም። ያሸነፈችው ኬንያዊቷ ሩት ቼፕንጌቲች እንኳ የፈጀባት 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ነው፤ በ2011 ዓ.ም. በጥር ዱባይ ላይ በ2 ሰዓት ከ17 ደቂቃ የገባች ሴት ማለት ናት። አሥራ አምስት ደቂቃ የበላው ወበቁ ነው። ከስምንት ቀን በኋላ በዚያችው ዶሃ፣ በዚያው ሰዓት፣ ወንዶቹ ሲሮጡ አየሩ ቀለል ብሎ ነበር። ሌሊሳ ዴሲሳ አንደኛ፣ ሞስነት ገረመው ሁለተኛ ወጡ። እኛም ጨፈርን። ወንዶቹ ጎበዞች፣ ሴቶቹ ደካሞች ተደርጎ ሲወራ ግን አየሩን ያነሣ ሰው አልነበረም።

ወበቅን ለማስረዳት ሳይንስ መጥቀስ አያስፈልገንም፤ የልብስ ገመዳችን ይበቃናል። በነሐሴ ያጠባችሁት አንሶላ ሁለት ሦስት ቀን ተሰቅሎ አይደርቅም። በኅዳር ጠዋት ያሰጣችሁት ምሳ ሳይደርስ ይታጠፋል። ላብም እንደዚሁ ነው። ሰው የሚቀዘቅዘው ስላላበው ሳይሆን ላቡ ከገላው ላይ ስለሚተን ነው። አየሩ ራሱ ውሃ ከጠገበ ላቡ ወርዶ ጫማ ውስጥ ይገባል እንጂ አይተንም፤ ገላውም አይቀዘቅዝም። የሚሮጥ ሰው ደግሞ ከሚያወጣው ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉ ወደ ሙቀት የሚለወጥ ነው። ምድጃው ውስጥ እየነደደ፣ ከላይ አክንባሎ ተከድኖበታል ማለት ነው።

ከመካከላችን በጅዳ፣ በዶሃና በቤይሩት ሰው ቤት ሠርተን የተመለስን አለን። ቆሻሻ ለመጣል በር ስንከፍት ፊታችን ላይ የሚለጠፈውን አየር እናውቀዋለን። ስለ ወበቅ ከአንዳንድ አሠልጣኝ የበለጠ ብናወራ አይገርምም። እኛ እንኳን ሮጠን፣ ሰገነት ጠርገን ስንገባ ግድግዳ ይዘን ነበር የምንቆመው።

ልጅቷ ያደገችው እዚህ፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ፣ በብርድ ነው። ከፍታው ለደሟና ለሳምባዋ ሀብት ሆኗታል። ለሙቀት ግን አያዘጋጃትም። ሰውነት ሙቀትን የሚለምደው በሙቀት ውስጥ ሲሠራ ነው፤ ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ላቡ ቀድሞ መምጣት ይጀምራል፣ ጨዉ ይቀንሳል፣ የደሙ ውሃ ይጨምራል። ወደ አዳማ ወረድ ብላ ብትለማመድ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የአዳማ ሙቀት ደረቅ ስለሆነ ግማሹን ብቻ ነው የሚያስተምራት። ስለዚህ ከብድሩ ውስጥ የተወሰነው ቀደም ብላ እዚያው ሄዳ እንድትሰነብት እንዲውል እንጠይቃለን። ሦስት ቀን ሲቀረው ደርሶ መሮጥ ለዚህ ዓይነት አገር አይሆንም።

«ውሃ ደህና አድርገሽ ጠጪ» የምትሏት እናቶች፣ ምክራችሁ ልክ ነው፤ ግን ገደብ አለው። ባዶ ውሃ ያለ ልክ መጠጣት የደምን ጨው አቅጥኖ ራሱ ይጥላል። ውሃውን ጥማቷን እየሰማች፣ ከጨውና ከስኳር ጋር ትውሰድ። አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ወንዶች በሌሉበት እንናገረው። ከወር አበባ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ገደማ የሴት ልጅ የሰውነት ሙቀት በጥቂቱ ከፍ ይላል። ውድድሩ የሚውልበትን ቀን ቆጥራ ትወቅ፣ ደሟንና የብረት መጠኗን ትመርመር። ልጅ ለወንድ አሠልጣኝ ይህን ለመናገር ታፍራለች፤ እናቷ ትጠይቃት።

አሁን ወደ ብድሩ እንመለስ።

ሙቀት ሰውን ሲመታ መጀመሪያ የሚወስደው ማሰቢያውን ነው። በዚያ ፀሐይ ብርድ ብርድ ይላል፣ እግር ይተሳሰራል፣ ንግግር ይምታታል፤ ሯጯ ግን ደህና ነኝ ብላ ታስባለች። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ማራቶን በሮጡበት እ.ኤ.አ. በ1984 በሎስ አንጀለስ ስዊዘርላንዳዊቷ ጋብሪዬላ አንደርሰን-ሺስ ስታዲየም ስትገባ አካሏ ወደ አንድ ጎን ተጣምሞ፣ አንድ እጇ ተንጠልጥሎ ነበር። የመጨረሻውን ዙር ለመጨረስ ከአምስት ደቂቃ በላይ ፈጀባት። ሐኪሞቹ እያላባት መሆኑን አይተው ነው የተዉአት፤ ደግነቱ ቶሎ አገገመች። ዓለም እስከ ዛሬ ያጨበጭብላታል። እኛ እናቶች ነንና ያንን ፊልም ስናይ ማጨብጨብ አልመጣልንም። እዚህ ያለን አንዳችን ልጅ ብትሆን ኖሮ ትራኩ ውስጥ ዘለን እንገባ ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ሠላሳ አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ሐሳቧ እየደበዘዘ ነው። በዚያ ሰዓት በጆሮዋ የሚጮኸው ምን ይሁን? ያቋረጠ ሽልማት የለውም። ሽልማት ከሌለ የእናቶች የቁጠባ ብር አይመለስም። «ከሽልማቷ ትክፈል» ስንል፣ ለማቆም የሚያስፈልጋትን ጥቂት ማስተዋል አስቀድመን ወሰድንባት ማለት ነው። ክፋት አስባ እንዲህ ያለች እንደሌለች እናውቃለን።

የተቃወሙንም እውነት አላቸው። አንዲት እናት «ያ ብር የእንጀራ ጭስ ነው፤ ዓይኔን ያጠፋሁበት ነው፤ ለስሜት አይበተንም» ብለዋል። አልተሳሳቱም። ብሩ መመለስ አለበት። የምንለው ከሩጫው ጋር አይታሰር ነው። ስለዚህ ያቀረብነው ሐሳብ ይህ ነው፦ ብድሩ በእናቷ ስም ይሁን። ከተሰጠ በሦስተኛው ወር መከፈል ይጀምር፤ ልጅቷ አንደኛ ብትወጣም፣ አርባኛ ብትወጣም፣ አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ ብታቆምም። እናቷ በጉሊት ንግዷ በየሳምንቱ ልትከፍል ተስማምታለች፤ ሁለት አባሎችም ዋስ ሆነዋል። ሽልማት ከመጣ የቤታቸው ሲሳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም።

ከጉዞው በፊት ደግሞ ልጅቷ ራሷ፣ በጤና አእምሮዋ፣ በምን በምን ምልክት እንደምታቆም ከአሠልጣኟ ጋር ትነጋገር። ብርድ ብርድ ካላት ታቁም። መንገዱ ከተወላገደባት ታቁም። ከወደቀች መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃና በረዶ፣ ሆስፒታሉ ከዚያ በኋላ፤ አብሯት የሚሄደው ሰው ይህን ይወቅ።

አቋርጣ የመጣች ልጅ ምን ትሆናለች የምትሉ አላችሁ። ሮዛ ደረጄ ዶሃ ላይ ካቋረጠች ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ነሐሴ 1 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በጃፓን በኦሊምፒክ ማራቶን አራተኛ ወጣች። ያ ውድድር የቶኪዮን ሙቀት በመፍራት ወደ ሳፖሮ የተዛወረ ነበር፤ ሳፖሮም ሞቆ ስለተገኘ በዋዜማው ሰዓቱ ሌላ አንድ ሰዓት ወደ ፊት ተሳበ። ትልልቆቹ ከዶሃ በኋላ ሙቀቱን ፈርተው ከተማ ቀየሩ። በመስከረም 2018 በቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮናም መነሻው በሙቀቱ ምክንያት በግማሽ ሰዓት ቀድሟል፤ ትዕግሥት አሰፋ በሁለት ሰከንድ ተቀድማ ብር ያገኘችበት ነው። በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ የሮጠችው ትዕግሥት እዚያ የገባችው በ2 ሰዓት ከ24 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ነበር።

ድምፅ ከመስጠታችን በፊት አንድ ልመና ብቻ ቀርቷል። በውድድሩ ቀን ስልኩን የምትደውልላት እናቷ ትሁን፤ ሌሎቻችን እንታገሥ። የመጀመሪያው ጥያቄም «ስንተኛ ወጣሽ?» ሳይሆን «አሁን የት ነሽ? ጥላ ሥር ነሽ ወይ?» ይሁን። ሐሳቡን የምትደግፉ እጃችሁን አሳዩን፤ ጸሐፊዋ ትቁጠር።